በቤት ውስጥ ሕፃን ልጅን ለማንሳት ትንሽ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

በሐምሌና በነሐሴ ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ውስጥ የጭቃ ቤት ሳሎን በቀትርም ድንግዝግዝ ይላል። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ዋናው ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ዳዴ የጀመረ ልጅ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። ሱቅ ሲገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎ ሜጋፒክስሉንና የዙሙን ብዛት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ሁለቱም አይረዱም። 12 ሜጋፒክስል 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ለማሳተም ይበቃል። ሊፈልጉ የሚገባው ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ፣ ሰፋ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) እና በድንግዝግዝ ፈጥኖ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ነው።

1. ከመግዛትዎ በፊት የቤትዎን ብርሃን ይለኩ

መለኪያው ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ልጁ ዘወትር በሚጫወትበት ቦታና ብዙ ጊዜ ፎቶ በሚያነሱበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቡና ሲፈላ ወይም ማታ አምፖል በርቶ፣ አንድ ፎቶ ያንሱ። የስልኩን የሌሊት ሞድ ያጥፉት፤ ብዙ ፎቶዎችን ስለሚደራርብ ቁጥሩን ያዛባል። ከዚያ ፎቶውን ጋለሪ ውስጥ ከፍተው ዝርዝር መረጃውን ይመልከቱ። የሌንሱ ቀዳዳ (በኤፍ የሚጻፈው)፣ የሹተር ፍጥነቱ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ) እና አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) ተጽፈዋል።

ቁጥሮቹ ኤፍ 1.8፣ 1/30 እና አይኤስኦ 1600 ናቸው እንበል። 1/30 ሰከንድ ለልጅ በጣም ረጅም ነው። ለተኛ ሕፃን 1/60 ይበቃል፤ ተቀምጦ በእጁ ለሚጫወት 1/125፣ ዳዴ ለሚልና «ወፌ ቆመች» ለሚባልለት 1/250፣ ለሚሮጥና ለሚዘል 1/500 ያስፈልጋል። ከ1/30 ወደ 1/250 ሲሄዱ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ስምንት ጊዜ ያህል ያንሳል። ያንን በአይኤስኦ ብቻ እናካክሰው ካሉ 12,800 ያህል ይደርሳል። በዚህ ቁጥር የትንሽ ካሜራ ፎቶ በነጠብጣብ ይሞላል፤ የልጁ ሽፋሽፍትና ፀጉርም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ቤት ከካሜራው እኩል ብርሃን ይፈልጋል፤ ወይ ልጁ ወደ በሩ ይቅረብ፣ ወይ አምፖል ይጨመር።

ስልኩ በዚያው ኤፍ 1.8 የሰጠዎት 1/60 እና አይኤስኦ 400 ከሆነ ግን ለ1/250 አይኤስኦ 1600 ይበቃል። ይህን ጥሩ ትንሽ ካሜራ ያለ ችግር ይሠራዋል። ልኬቱን አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ማታ ያድርጉና ቁጥሮቹን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ።

2. የሌንሱን ቀለበት ያንብቡ

በሌንሱ ፊት ባለው ቀለበት ላይ 1.8-4.9 ወይም 1.8-2.8 የሚመስል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ዙም ሳይደረግ፣ ሁለተኛው ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ያለው የቀዳዳው ስፋት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ አንዱ 1/250 በሚሠራበት ክፍል ሌላው 1/25 ላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ቁጥር ሳያይ በመግዛቱ ነው። በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 ሌንስ 1.8-4.9 ነው። ሰፊው ቀዳዳ ያለው ዙም ሳይደረግ፣ 28 ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ ነው፤ ዙሙ ሲያልቅ የሚገባው ብርሃን ከሰባት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ለልጅ ደግሞ ትንሽ ዙም ያስፈልጋል፤ በ24 ወይም በ28 ሚሊ ሜትር ተጠግተው ካነሱት አፍንጫው ይተልቃል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከ50 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ባለው ርዝመት፣ ከአንድ ሜትር በላይ ርቀው ሲያነሱ ፊቱ እንዳለ ይወጣል። በእኛ ግምት ዋጋው ቢጨምርም ዙም ተደርጎም 2.8 ላይ የሚቆይ ሌንስ ይመረጣል።

3. የሴንሰሩን ስፋት ይጠይቁ

በርካሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው «1/2.3 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትንሹ ሴንሰር ከአይኤስኦ 800 በላይ ሲሄድ ይጨነቃል። ባለ 1 ኢንቹ እስከ 3200 ያስኬዳል፣ ሲቸግርም 6400 ይሞከራል። ባለ 1/2.3 ኢንች ካሜራ ለመግዛት ካሰቡ ገንዘብዎን ያስቀምጡ፤ ዛሬ ያለ ደህና ስልክ ቤት ውስጥ ከእሱ የተሻለ ያነሳል።

4. ከዚህ በኋላ ሞዴል ይምረጡ

አብዛኛው ሰው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያገለገለ ካሜራ ይገዛል፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያስመጣል። በሁለቱም መንገድ የሚከተሉትን ስሞች ጽፈው ይያዙ።

በ2014 የወጣው ሦስተኛው ሶኒ አርኤክስ100 ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር፣ 1.8-2.8 ሌንስ አለው፤ ለዚህ ሥራ ዋጋና ጥቅሙ የተመጣጠነ ነው። የ2016ቱ አምስተኛው በዚያው ሌንስ ላይ የተሻለ ፎከስ ጨምሯል፤ የሚሮጥ ልጅ ያለው ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ስድስተኛው ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ አይወሰድ። ዙሙን እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሲያረዝም ሌንሱ 2.8-4.5 ሆኗል፤ ለቤት ውስጥ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የካነን ጂ7 ኤክስ ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ 1.8-2.8 ነው፤ የ2016ቱ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። የፓናሶኒክ ኤልኤክስ100 ሴንሰሩ ከእነዚህ ሁሉ ይሰፋል፣ ሌንሱም 1.7-2.8 ነው። ፍላሹ ግን ለብቻው የሚገጠም ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ከካሜራው ጋር መኖሩን ያረጋግጡ።

ዙም የሌላቸው የፉጂ ኤክስ100 ካሜራዎች በጣም ጥሩ ፎቶ ይሰጣሉ፤ የ2011ዱ የመጀመሪያው ግን ፎከሱ ዝግ ያለ ስለሆነ ለልጅ አይመከርም።

«ምስል ማረጋጊያ አለው» ቢሉዎት እሰየው ይበሉ፣ ግን ዋጋ አይጨምሩበት። የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ እንጂ ልጁን አይደለም።

5. ሱቁ ውስጥ ይፈትኑት

የራስዎን ሜሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱ። ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ይፈልጉና አብሮዎት የመጣ ሰው ከሦስት ሜትር ወደ እርስዎ በፍጥነት እንዲራመድ ያድርጉ። ሹተሩን 1/250 ላይ አድርገው አሥር ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አጉልተው ዓይኑን ይመልከቱ። ስድስት ሰባቱ ጥርት ካለ ፎከሱ ይሠራል። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ በልጅም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ካሜራውን አምስት ጊዜ ያብሩት፣ ያጥፉት፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ የመፈጨት ድምፅ ካለው ውስጡ አቧራ ወይም አሸዋ ገብቶበታል። ሌንሱ መውጣት እምቢ የሚለው መጨረሻው እንዲህ ሆኖ ነው፣ ጥገናውም አያዋጣም። ቀዳዳውን ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 አድርገው ነጭ ወረቀት ያንሱ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ እንዲህ ያለ ካሜራ ካልተፈታ አይጸዳም። ባትሪውን አውጥተው ይዩት፤ ካበጠ ወይም ሲገባ ሲወጣ ከተያዘ አይቀበሉት።

ቋንቋውንም ይመልከቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ብዙዎቹ ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ አይቀየርም። ካሜራው በዩኤስቢ ባትሪ መሙላቱንም ይጠይቁ። መብራት በሚጠፋበት ቀን በፓወር ባንክ የሚሞላ ካሜራ ያገለግልዎታል። እነዚህ ትንንሽ ባትሪዎች ከ200 እስከ 300 ፎቶ አካባቢ ስለሚያልቁ ሁለተኛ ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ይግዙ፤ ለክርስትና ቀን አንዱ አይበቃም።

6. አንድ ጊዜ ያስተካክሉትና ይተዉት

የላይኛውን መዘውር በሶኒ «ኤስ» ላይ፣ በካነን ደግሞ «ቲቪ» ላይ ያድርጉና ሹተሩን 1/200 ይስጡት። አይኤስኦ በራሱ እንዲሄድ ይተዉት፣ ጣሪያውን ግን 3200 ላይ ይወስኑ። ፎቶው እየጨለመ ከመጣ መጀመሪያ ልጁን ወደ ብርሃን ያምጡ፣ አይኤስኦውን ወደ 6400 የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፊት የመለየት ፎከስ ይብራ፤ ተከታታይ ፎከስ ካለውም ይመረጥ። ድምፁንና ፎከስ ሲፈልግ የሚበራውን ብርቱካናማ መብራት ያጥፉ፤ ልጁ ሳቁን ትቶ መብራቱን ማየት ይጀምራል።

ቪዲዮ ከቀረጹ ሜኑ ውስጥ «ፓል» የሚለውን ይምረጡ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ በ«ኤንቲኤስሲ» ሲቀረጽ አምፖሉ በቪዲዮው ላይ ይርገበገባል። በፎቶም ተመሳሳይ ነገር አለ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሹተሩን 1/100 ያድርጉት፣ ወይም አምፖሉን ይቀይሩ። ድምፅ የሌለውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር በአምፖል ብርሃን አይጠቀሙ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ።

7. ብርሃኑን ያዘጋጁ

ቀን ከሆነ ልጁን ከደጃፉ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ያስቀምጡት። እርስዎ በበሩ ጎን ይሁኑ፤ መሐል ከቆሙ ብርሃኑን ራስዎ ይጋርዱታል። መሬት ወይም መደብ ላይ ይቀመጡና ካሜራውን ከልጁ ዓይን እኩል ያድርጉት። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከተቀባ ቀለሙ ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ነጠላ ወይም አንሶላ ከልጁ ጎን ቢዘረጉ ይቀንሳል፣ በጥላ ያለውን ጉንጩንም ያበራል።

ማታ አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከመሐል ሳሎን አይበቃም። ሌላ ባለ 15 ዋት በልጁ ጎን፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ሲበራ ለውጡ ትልቅ ነው። የአምፖሉ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ከእሱ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናልና። ገመዱ ልጁ ከማይደርስበት ይሂድ።

ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታ ፊቱን ያነጣዋል፣ ዓይኑን ያቀላዋል። አርኤክስ100ን የመሰሉ ካሜራዎች ፍላሽ በጣት ወደ ኋላ ሲጎተት ወደ ላይ ይዞራል። የአቡጀዴ ወይም ነጭ ኮርኒስ ካለዎት ብርሃኑ ከዚያ ተመልሶ ለስልሶ ይወርዳል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ግን አይሞከርም፤ ትንሹ ፍላሽ እዚያ ደርሶ ለመመለስ አቅም የለውም።

8. አያያዝ

የከሰልና የእጣን ጭስ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ ፎቶው ጭጋጋማ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ይጥረጉት፤ በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አይደለም። ሌንሱ ወጥቶ ሳለ ካሜራውን ምድጃ አጠገብ ወይም አቧራ ባለበት አያስቀምጡ። በክረምት የሌንስ ሻጋታ እንዳይጀምር ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ ከረጢቶች ይሆናሉ። ካርዱ ከመሙላቱ በፊት ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሌላ ፍላሽ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሁለቱም ላይ መከፈታቸውን ካዩ በኋላ ካርዱን እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት።