ተከታታይ ቁጥሮች አብረው የመውጣት እድላቸውን በእጅ ለማስላት

ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች 3 በእጣ ብናወጣ ቢያንስ ሁለቱ ተከታታይ (ለምሳሌ 4 እና 5) የመሆን ፕሮባቢሊቲያቸው ስንት ነው? ብዙ ሰው ትንሽ ነው ይላል፣ ግን ከግማሽ በላይ ነው። በቀጥታ ለመቁጠር አትሞክሩ፣ እንደ 4፣ 5፣ 6 ያለው ሲመጣ ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ፣ ይልቅ ተከታታይ የሌለባቸውን ቁጠሩና ከጠቅላላው ቀንሱ።

የወጡትን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፣ የመጀመሪያውን ተዉት፣ ከሁለተኛው 1፣ ከሦስተኛው 2 ቀንሱ። 2፣ 5፣ 9 የነበረው 2፣ 4፣ 7 ይሆናል። መሀላቸው ክፍተት ስለነበረ ከተቀነሰም በኋላ ሁለቱ አንድ ቁጥር አይሆኑም፣ ትልቁም ከ8 አያልፍም፣ መልሳችሁ ስትደምሩ ደግሞ ያው የድሮው ይመጣል፣ በጣም የሚያምረው እሱ ነው! ስለዚህ ጥያቄው ከ8 ቁጥር 3 መምረጥ ሆነ ማለት ነው፣ 8×7×6 ለ6 ሲካፈል 56 (ለ6 የምናካፍለው ያው ሦስት ቁጥር በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊወጣ ስለሚችል ነው)። ጠቅላላው 10×9×8 ለ6 ሲካፈል 120። ከ120 ላይ 56 ሲቀነስ 64፣ ማለትም 53 ፐርሰንት ገደማ።

የጀርመኑ ሎቶ ከ49 ቁጥር 6 ነው የሚያወጣው፣ እዛም በዚሁ ዘዴ ከስድስተኛው 5 ስለሚቀነስ ከ44 ቁጥር 6 ትመርጣላችሁ፣ ተከታታይ የሌለበት 7,059,052 ለ13,983,816 ሲካፈል 50.5 ፐርሰንት፣ የቀረው 49.5 ፐርሰንት ተከታታይ ያለበት ነው። 23 እና 24 አብረው ስለወጡ ብቻ ተጭበርብሯል የሚል ካለ ይሄን ስሌት አሳዩት።