ከካርድ ክፍል እስከ ቤቱ፦ ታካሚን በግል መደገፍ እንዴት ይሠራል?

ታካሚ ሆስፒታል ውስጥ በአብዛኛው የሚጉላላው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ላብራቶሪ ይላካል፣ ወደ ክፍያ መስኮት ይመለሳል፣ ውጤቱን ይዞ ሲደርስ ሐኪሙ ምሳ ወጥቷል። ታካሚውን ከክፍል ክፍል እያጀበ የሚረዳ የድጋፍ ሠራተኛ የሚያስፈልገው እዚህ መሀል ላይ ነው። እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሆስፒታሎች ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን ሌሊት ተነስቶ የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ቢመለስ የቀን ገቢውንም የትራንስፖርቱንም ይከስራል።

ሥራው ከስም ይጀምራል። «ከበደ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የደነገጠ ወይም ጆሮው የከበደ ሰው ለተጠራበት ስም ሁሉ «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» በሉና ከካርድ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። በአንድ ቀን በራስም በአባትም ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ታካሚዎች መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ የአንዱ ውጤት በሌላው ካርድ የሚገባው እንዲህ ነው። ታላላቆችን «እርስዎ» ማለት ግድ ነው። «እማማ»፣ «አባባ» ደስ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው፣ ግን በምን ስም ቢጠሩ እንደሚወዱ መጀመሪያ ጠይቋቸው።

ቀጥሎ ከማን ጋር እንደመጡ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀላቸው፣ ምን ወረቀት እንደያዙ ጠይቁ። የጤና መድን አባል ከሆኑ ደብተሩ ለዘንድሮ መታደሱንና ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መኖሩን ሰልፍ ከመያዛቸው በፊት እዩ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን ወረቀቱ ይቆይ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ታካሚ «ኤሳቱ ኢሲን ዹኩባ?» (የት ያምዎታል?) ማለት መቻል ብዙ ያቀላል፤ ለሕክምናው ንግግር ግን ቋንቋውን በደንብ የሚችል ባልደረባ ጠርታችሁ አምጡ። ልጅን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ማህፀኗ ደም መፍሰስ በልጇ አፍ የምትናገር እናት የለችም።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው በሰዓት ነው። ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር «8:00» ብሎ ይጽፋል፣ ታካሚው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ተራው ካለፈ 6 ሰዓት ሆኖታል። «10/3» የሚል ቀንም አንዱ ኅዳር 10፣ ሌላው ማርች 10 ብሎ ያነበዋል። ቀጠሮውን «ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ዘርዝራችሁ ጻፉለት። መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ በየ8 ሰዓቱ ከተባለ ንጋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4 ብላችሁ በጥቅሉ ላይ አስፍሩ።

«ጾመው ይምጡ» የሚለው ቃል ደግሞ አደገኛ ነው። ሰውዬው ሥጋና ወተት ትቶ፣ ሽሮውን በልቶ ይመጣና ለደም ስኳር ምርመራው አይሆንም ተብሎ ይመለሳል። «ከእራት በኋላ ምንም ምግብ አይቅመሱ፣ ውሃ ብቻ ይችላሉ» በሉ። ለጾም ስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ያስፈልጋል። ለቀዶ ሕክምና የተለመደው ከጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹህ ውሃ 2 ሰዓት መራቅ ነው፤ የሚጸናው ግን የማደንዘዣ ባለሙያው ቃል ነው። ወተት ያለበት ቡና ምግብ ነው፣ ይህንንም ተናገሩ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን እንደሚጾም ከነገራችሁ ለሐኪሙ ሳታሳውቁ አትለፉ፣ ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጸበል የሚሄድም ካለ አትከራከሩት፤ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነ ብቻ በእርጋታ ጠይቁትና ለሐኪሙ ንገሩ።

ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲወሰድ ወንበሩን በጤነኛው ጎኑ በኩል አስጠጉ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን አንሱ። ታካሚው አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ከተኛበት ቶሎ ሲነሳ የደም ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል። ካልሲ ብቻ ካደረገ ወለሉ ያንሸራትተዋል፣ ጫማ አድርጉለት። ከወገቡ ያዙት እንጂ በብብቱ አትሳቡት። ግማሽ ጎኑ የተያዘ ሰው ትከሻው የሚወልቀው በዚህ ነው። የግሉኮሱ ከረጢት ከልቡ ከፍ፣ የሽንት ከረጢቱ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ይሂድ፤ የሽንቱን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ ሽንቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቁልቁለት ላይ እናንተ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አውርዱት።

የሚሄድበትን ክፍል ስም በኮሪደር ጮክ ብላችሁ አትጥሩ። የኤችአይቪ ክትትል የሚያደርግ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ክትትሉን ትቶ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሪፈር ሲጻፍለት ሊያዘን ቢሮ (ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ደውሎ አልጋ መኖሩን ሳያረጋግጥ ከግቢ አይውጣ፤ ያለዚያ በአምቡላንስ ከበር በር ይዞራል። የሪፈር ወረቀቱ፣ የራጅ ፊልሙ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት አብረው ይሂዱ።

ወደ ቤት የሚሄደውን «ገባዎት?» አትበሉት፣ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» ነው። መድኃኒቱን እጁ ላይ አስቀምጡና «ማታ ቤት ሲደርሱ ይህንን እንዴት ነው የሚወስዱት?» በሉት። ሲሳሳት ያኔ ይታያችኋል፤ ደግማችሁ አስረዱ፣ እንደገና ያስረዳችሁ። ስልክ ከሌለው የጎረቤቱን ቁጥር በፈቃዱ ተቀበሉ። በ3ኛው ቀን ደውሉና ትኩሳት እንዳለው፣ ቁስሉ መግል ይዞ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ስንት ፍሬ እንደቀረ ጠይቁ። ጎረቤቱ ስልኩን ካነሳ የሕመሙን ነገር አታንሱ፤ ታካሚውን እንዲያገናኛችሁ ብቻ ለምኑት።