የቆየ ፒክአፕ የውሃ ፓምፕ እንዴት ይቀየራል?

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ ሳያስጠነቅቅ አይሞትም። መጀመሪያ ከሆዱ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀጥሎ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) መጮህ ይጀምራል፤ በመጨረሻ ፑሊው፣ ማለትም ቺንጋው (ቀበቶው) የሚያሽከረክረው ክብ ብረት፣ ይወላገዳል። ይህን ሁሉ እያዩ ጭነት ጭኖ ዳገት መውጣት ግን በግማሽ ቀን የሚያልቀውን ጥገና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከማጣመም ያደርሰዋል። የቆየ ፒክአፕ ያለው ሰው ሊማረው የሚገባውን አንድ ጥገና ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ከሞተሩ ፊት ሰፊ ቦታ ስላለ እጅ እንደልብ ይገባል፣ የሚፈታውም ሁሉ በዓይን ይታያል።

በቅድሚያ ፓምፑ በእርግጥ ማለቁን ያረጋግጡ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ማራገቢያውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ ፑሊው አብሮ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ በባትሪ መብራት ቀዳዳዋን ይፈልጉ። እሷ የተሠራችው የውስጡ የውሃ ማገጃ ሲበላ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ከመግባት ይልቅ ወደ ውጭ እንዲወጣ ነው። ከሥሯ የደረቀ የኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀል የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለም ካለ መልሱ ተገኝቷል። ቀዳዳዋን መድፈን ከባድ ስህተት ነው፤ ውሃው ኩሽኔታውን ይጨርሳል፣ ማራገቢያውም ተነቅሎ ራዲያተሩን ሊበሳ ይችላል።

የምገልጸው በውጭኛው ቺንጋ ስለሚሽከረከር ፓምፕ ነው። ፓምፑ በውስጠኛው የታይሚንግ ቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ሥራው የሞተሩን ታይሚንግ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ) ስለሚነካ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን አይንኩ። ክዳኑ ውስጥ ያለውን ግፊት አፍኖ ይይዛል፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት እጥፍ ሲሆን ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ያ ሁሉ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሲቀዘቅዝ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱና ኩላንቱን በራዲያተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ወደ ሰፊ ሳፋ ያውርዱ። ሳፋውን ክፍት አይተዉት፤ ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ ልጅም ውሻም ሊጠጣው ይችላል።

ቺንጋው ገና ሳይላላ የማራገቢያውንና የፑሊውን ብሎኖች በትንሹ ላላ ያድርጉ፤ ቺንጋው ፑሊውን ስለሚይዝልዎ አብሮ አይዞርም። ከዚያ ቺንጋውን፣ ማራገቢያውንና የውሃ ጎማዎቹን ያውጡ። የፓምፑ ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል። የፓምፑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በራሱ ቦታ ይሰኩት፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። የዛገ ብሎን ከእልህ ይልቅ ትዕግሥት ይወዳል፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩበት፣ ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ በትንሽ በትንሹ ያዙሩት። ፓምፑ አልላቀቅ ካለ በእንጨት መዶሻ ጎኑን መታ መታ ያድርጉ እንጂ ካቻቢቴ መሃል ገብቶ አይፈልቅቀው።

አሁን የሥራው እምብርት ላይ ደረስን፤ ማጽዳት። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ጥፍር የምታህል የአሮጌ ጓርኒሲዮን (በፓምፑና በሞተሩ መሃል ገብቶ ውሃ የሚያግድ ማሸጊያ) ቅሪት ትቼ ገጠምኩ። በሁለተኛው ቀን ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። ከዚያ ወዲህ ለማጽዳት የምሰጠው ጊዜ ለመፍታትና ለመግጠም ከምሰጠው ይበልጣል። ወደ ሞተሩ የሚገቡትን የውሃ ቀዳዳዎች በጨርቅ ይድፈኑ። ቅሪቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ስለታም ብረት ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም የውሃ መንገድ ይሆናል። ዓይንዎን ጨፍነው የብረቱን ፊት በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱ፤ ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋል። በመጨረሻ ቅባቱን ጠርገው ያድርቁ፣ ጨርቆቹንም ማውጣት አይርሱ።

ከመግጠምዎ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ የዘንጉ ርዝመትና ውሃውን የሚገፉት ክንፎች አቅጣጫ አንድ ካልሆኑ አይግጠሙት። አዲሱን ጓርኒሲዮን አስገብተው ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ያስጀምሩ። ወደ ውሃው ክፍል ዘልቆ የሚገባ ብሎን ካለ ጥርሱን ማሸጊያ ይቀቡት። ከዚያ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየዘለሉ በሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ፣ የመጨረሻውን ጥብቀት በመኪናው መመሪያ መሠረት በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ መፍቻ) ይጨርሱ።

ቺንጋውን ሲወጥሩ ስስት ይበጃል። ረጅሙን ክፍል መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊሜትር ያህል ከረገበ በአብዛኛው በቂ ነው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ የአዲሱን ፓምፕ ኩሽኔታ ገና ከመነሻው ይበላዋል።

ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅለው በቀስታ ይሙሉ። የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያስነሱ። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ሲከፈት የላይኛው ጎማ ይሞቃል፣ የታሰረው አየር አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ውሃውም ዝቅ ይላል፤ ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙ። የሙቀት መለኪያውን እያዩ አጭር መንገድ ይንዱ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የኩላንቱን መጠን እንደገና ይመልከቱ፤ ከፓምፑ ሥርም ደረቅ ካርቶን አሳድረው ጠብታ መኖሩን ይፈትሹ።