እናትንም ልጆችንም ይዞ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ

የቤተሰብ ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጻፈው የቦታ ዝርዝር ነው። ባሕር ዳር፣ ጢስ ዓባይ፣ ጎንደር፣ ሰሜን ተራሮች፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ "እግረ መንገዳችንን ደግሞ ደሴ ያሉትን አክስታችንን እንጠይቃለን"። ሁሉም በአንድ ሳምንት! ለጎረምሶች ይሠራ ይሆናል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ካሉበት ግን አይሠራም።

ስለዚህ ከቦታ አትጀምሩ፣ ከሰው ጀምሩ። ቶሎ የሚደክመው ማነው? መኪና የሚያዞረው ማንን ነው? ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸውስ? የጉዞው ፍጥነት የሚቆረጠው በእነሱ ልክ ነው፣ ጉልበት የተረፋቸው ደግሞ እነሱ ሲያርፉ ገበያ ይዙሩ።

እኔ የምመክረው ልክ ይሄ ነው። ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት፣ ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ላሊበላ ሦስት ሌሊት። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ፣ እሱም ጠዋት። ከምሳ በኋላ እረፍት፣ አመሻሽ ላይ ቡናና ቀለል ያለ የእግር ጉዞ። አክሱምን ከዚህ ጉዞ አውጡት። የማይረባ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም ለብቻው ጉዞ ስለሚገባው ነው፦ ሐውልቶቹ፣ ጽዮን ማርያም፣ ዓድዋ፣ ከዚያም ወደ 2,700 ዓመት ገደማ የሚገመተው የየሓ ቤተ መቅደስ። ይሄን ሁሉ በሌላ ጉዞ ጫፍ ላይ መቀጠል ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ላሊበላን መጨረሻ ላይ ማድረግ ይሻላል። እሱን አይቶ የመጣ ሰው ሌላው ቶሎ አይገርመውም። ግን እናታችሁ የሚሄዱት ለስለት ወይም ለመሳለም ከሆነ ገልብጡት፣ ላሊበላ ይቅደም። ጉልበታቸው ሳይደክም ይሳለሙ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለሳቸው መዝናኛ ነው።

መቼ እንሂድ?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እሱማ ግልጽ ነው። ችግሩ ትልቁ የእረፍት ጊዜ ክረምት ላይ መዋሉ ነው። በዝናብ የላሊበላ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ጀልባም ደስ አይልም። ክረምት የሚሻለው ለጢስ ዓባይ ብቻ ነው። ፏፏቴው በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ይሳሳል፣ ስለዚህ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ የምትሄዱ ከሆነ በብር ኖት ላይ ያያችሁትን ያህል አትጠብቁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በጋ ላይ ጢስ ዓባይን ዝለሉትና ያንን ግማሽ ቀን ለሐይቁ ስጡት። ሁለቱንም ለማየት የሚመቸው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፣ አገሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ልጆች ግን ትምህርት ላይ ናቸው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እረፍት አማካይ መፍትሔ ነው፣ ደረቅ ወር ስለሆነ።

በዓልስ? ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማየት የብዙ ሰው ምኞት ነው። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲያሸበሽቡ ማየትን የመሰለ የለም። ጥር 11 ደግሞ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ አለ። ግን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ልጅና አዛውንት ይዞ እዚያ ሕዝብ ውስጥ መግባት ከባድ ነው። ክፍል ከወራት በፊት ያልቃል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ግፊያው ልጅ ያስጠፋል። በዓሉ ዋናው ምክንያታችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ሌላውን ሁሉ ቀንሱ፣ ልጆቹ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ክተቱ። ምክንያታችሁ ካልሆነ ሳምንት ቆይታችሁ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የጾሙን ነገር ነው። እዚህ ላይ የምግብ ዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይቀየራል። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፣ ወጥቶ ሰው የሚፈታው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቅዳሴ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እየዞሩ መጎብኘት የለም። ስለዚህ በጾም ወቅት፣ ረቡዕና ዓርብንም ጨምሮ፣ ጉብኝቱን በጊዜ ጠዋት ጨርሱ። እሑድን ደግሞ ለጠዋት ጉብኝት አትመኑበት፣ ለማስቀደስ ከሆነ ግን ከሱ የተሻለ ቀን የለም። ትንንሽ ልጆች ካሉና ወተትና እንቁላል የግድ ከሆነ ሆቴሉን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ በሁዳዴ ሁሉም ወጥ ቤት የፍስክ አይሠራም። ተማሪ የሌለበት ቤት ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ምርጥ ናቸው። ጾም የለም፣ ሰዓቱም አይምታታም።

በምን እንሂድ?

ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ፣ መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመወሰናችሁ በፊት በየከተማው ያለ ዘመድ ወይም የምትይዙት ሆቴል ጋ ደውሉ፣ የስልክ ወሬን በአንድ ሰው ብቻ አትመኑ፣ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። "አሁን አይሆንም" ከተባላችሁ አይሆንም ነው። ላሊበላ የትም አይሄድም።

ሰላም መሆኑን ካረጋገጣችሁ ለቤተሰብ አውሮፕላን ይሻላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገዱ አስተማማኝ ሲሆን በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከጎንደር ላሊበላ በምትሄዱበት ቀን ቀጥታ በረራ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ በአዲስ አበባ በኩል ዞራችሁ ነው የምትሄዱት፣ ያ ቀን ለጉዞ ብቻ እንደሆነ ቁጠሩት። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው። 07:00 ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ይሄን ለእናታችሁ ሁለቴ ንገሯቸው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ካሉ የአገር ውስጡን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት በአየር መንገዱ ለመጣ መንገደኛ ቅናሽ እንዳለ ይጠይቁ፣ ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላቸው ይያዙ።

በመኪና ለምትሉ፦ አዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ ጠመዝማዛው ልጆችን ያስመልሳል። በአንድ ቀን አትጨርሱት። ደብረ ሊባኖስ ተሳለሙ፣ ደብረ ማርቆስ እደሩ፣ በማግስቱ ቀጥሉ። ማታ አትንዱ። ሀይሩፍ የምትከራዩ ከሆነ ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያው የማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጭቅጭቅ ሁሌ የሚነሳው ከነዚህ ከሦስቱ ነው።

ባሕር ዳር

እዚህ ዋናው ጣና ነው። ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ውስጥ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴት አያስገቡም። ይህን ሳይጠይቁ ጀልባ ተኮናትረው እናትንና ሴት ልጆችን ወደብ ላይ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ፣ በፍጹም አታድርጉት። ለቤተሰብ የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉንም ያስገባሉ፣ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ ወደ ዑራ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይኬዳል። ለእናት ዱላ ያዙ፣ ከደከማቸው አዝዋ ቀረብ ስለሚል እሱ ይበቃል።

ውስጥ ስትገቡ ልጆቹን "ዝም በሉ" እያላችሁ አታስጨንቋቸው፣ ሥዕሎቹን እንዲያነቡ አድርጓቸው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ታሪክ ነው። በላዔ ሰብን አሳዩአቸው፣ ያን ሁሉ ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነውን። አያታቸው ያንን ተረክ ከናንተም ከአስጎብኚውም በተሻለ ይነግሯቸዋል፣ ዕድሉን ስጧቸው።

ጀልባ ስትይዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። የትኞቹ ቦታዎች ላይ እንደሚያቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ የልጅ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት እንዳለው በዓይናችሁ አይታችሁ ተስማሙ። ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ልጆች ዳር ዳሩ ላይ እግራቸውን አይንከሩ፣ ጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ወባም ስላለ አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ። ዓሣው ግን ይበላ!

ጎንደር

የልጆች ከተማ ናት። አጼ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቆረቆሯት ከተማ ውስጥ ያለው የፋሲል ግቢ እውነተኛ ግንብ፣ እውነተኛ የአንበሳ ቤት፣ የሚሮጥበት ሣር አለው። ሙሉ ጠዋት ስጡት። ፎቆቹ ላይ መከለያ የሌለው ቦታ ስላለ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው ልጅ መጠበቅ ብቻ ይሁን። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ልጆቹ ይቁጠሩ፣ እናንተ ተቀመጡ። ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳነው የሚባለውንም ይስሙ። የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ውጭ ደረቅ ነው፣ ግን ግድግዳውን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ለፎቶ ያምራሉ። ጊዜ ከተረፈ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም አለ፣ ካልተረፈም አትቆጩ።

ላሊበላ

11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ዘልቀናል የሚል ሰው ያየው ጫማውን ሲያወልቅና ሲያደርግ ነው። ከፋፍሉት። አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ምድብ፦ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያምና በዙሪያቸው ያሉት። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፣ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሌላ ጠዋት ሁለተኛው ምድብ፦ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ አባ ሊባኖስ። እዚህ ጋ ሲኦልን ይወክላል የሚባል ጨለማ ዋሻ አለ። ጎረምሶች መብራት አጥፍተው በእጅ እየዳበሱ ይገባሉ፣ ለእናት ግን ዙሪያውን የሚሄድ መንገድ ጠይቁ። ቤተ ጊዮርጊስን ለብቻው አስቀሩት፣ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ እዩት። መውረድ ያልቻለ ሰው ከላይ ብቻ ቢያየውም አይቶታል።

ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ዳገቱም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ብዙም አይሰማውም። ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለ አገር፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ዘመድ ግን በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያን ቀን አታሩጡት። በየቦታው መሄድ ለማይችሉ ባጃጅ በግማሽ ቀን ተኮናተሩ። ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ቀድሞ መነጋገር ነውር አይደለም። ጫማ ጠባቂም ያዙ፣ ሳንቲም ሳይሆን ዝርዝር ብር አዘጋጁለት። በቴሌብር ሁሉም አይከፈልም።

ሻንጣ ውስጥ

ለሁሉም ነጠላ። ሱሪ የለበሰች ልጅ የምትጠቀልለው ጨርቅ። ክር የሌለው ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ (ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም)፣ የእጅ ባትሪ፣ የእናት መድኃኒት ከነተጨማሪው፣ ለማታ ሹራብ። ፍላሽ ሥዕሎቹን ስለሚጎዳ የልጆቹን ስልክ ቀድማችሁ አስተካክሉ። ውጭ አገር ያደጉ የእህት ልጆች ካሉ በወር አበባ ወቅት ወደ ውስጥ እንደማይገባ ቤት ሳላችሁ በእርጋታ አስረዷቸው፣ በር ላይ ከሚሰሙት ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ የበረራውንና የሆቴሉን ዋጋ በወቅቱ ጠይቃችሁ ደምሩ፣ በላዩ ላይ ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ትርፍ አስቀምጡ። በረራ ይሰረዛል፣ ልጅ ያተኩሰዋል። የምትመለሱበትን ቀን ደግሞ ሥራ ከምትገቡበት ቀን ዋዜማ ጋር አታጋጥሙት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ባዶ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታም ሦስቱም ሆቴሎች ጋ እንደገና ደውሉ።