የመኪና አላርም ራሳችሁ ልትገጥሙ ነው? መጀመሪያ እነዚህን ስህተቶች እዩ

ከሶማሌ ተራ ወይ ከኦንላይን አንድ ካርቶን አላርም ገዝቶ፣ ሁለት ሪሞት፣ አንድ ሳይረን፣ አንድ ጥቁር ሳጥንና እንደ ፓስታ የተጠላለፈ ሽቦ ፊቱ ዘርግቶ "ይሄማ ምን አላት ራሴ እገጥማታለሁ" ሚል ሰው በዝቷል። እውነት ለመናገር ይቻላል። ኤሌክትሮኒክስ መማር አይጠይቅም፣ ሚጠይቀው ትግስትና አንድ መልቲሜትር፣ ቮልትና አምፔር ሚለካው ማለቴ ነው። ግን ስራው ከተበላሸ አበላሹ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ ሰው ሳይለካ ይገምታል፣ ከዛ በግምት ይቆርጣል። እዚህ የማወራው ስለ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ የድሮ ኮሮላና መሰሎቻቸው ነው፣ ስለ አዳዲሶቹ ወደ መጨረሻ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የሽቦ ቀለም ማመን ነው። ዩቲዩብ ላይ አንዱ "ቀዩ ፖዘቲቭ ነው፣ ጥቁሩ ማሳ (ኔጋቲቩ፣ ከመኪናው ብረት ጋር ሚገናኘው) ነው" ስላለ እናንተ መኪና ላይም እንደዛ ነው ማለት አይደለም። ጥቁር ሽቦ ሆኖ 12 ቮልት ሚያስተላልፍ ሞልቷል። ደግሞ እኛ ሀገር ያለ መኪና ስንት እጅ ዞሮ ነው የመጣው፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ የቀጠለው ሰው ደግሞ እጁ ላይ ባገኘው ቀለም ነው የቀጠለው። ድሮ የተገጠመ አላርም ተነቅሎ ግማሽ ሽቦው እዛው የቀረበትም አለ። ስለዚህ የአላርሙ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ሚነግራችሁ የአላርሙን ሽቦ ብቻ ነው፣ የመኪናውን ራሳችሁ ነው ምትለኩት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜትሩን ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ንጹህ ብረት ላይ ያዙ፣ ቀዩን ከቁልፍ ማስገቢያው ጀርባ ያሉት ወፋፍራም ሽቦዎች ላይ አንድ በአንድ አስነኩ። ቁልፍ ወጥቶም 12 ቮልት ምናምን ሚያሳየው ቋሚው ነው። ቁልፍ አንደኛው ላይ ስታደርጉ፣ ቴፕ ሚሰራበት ማለቴ ነው፣ ሚመጣው አክሰሰሪ ነው። ሁለተኛው ላይ ሚመጣውና ሞተር እያስነሳችሁም ማይጠፋው ኢግኒሽን ነው። ስታስነሱ ብቻ መጥቶ ቁልፉን ስትለቁ ሚጠፋው ደግሞ የሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ ሚያስነሳው ነው። ባገኛችሁት ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉበት፣ ነገ ጠዋት አታስታውሱትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አክሰሰሪና ኢግኒሽንን ያምታታል። ሁለቱም ቁልፍ ሲዞር 12 ቮልት ያሳያሉ፣ ልዩነታቸው ሞተር ስታስነሱ ነው፣ አክሰሰሪው በዛች ሰከንድ ይጠፋል። የአላርሙን የኢግኒሽን ሽቦ አክሰሰሪው ላይ ከቀጠላችሁት ሞተር ባስነሳችሁ ቁጥር አላርሙ "ቁልፍ ጠፋ" ብሎ ያስባል፣ ከዛ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም፣ በር በራሱ ሚቆልፍበትም ጊዜ አለ፣ ሰውየው አላርሙን "ቻይና ነው" ብሎ ይሰድበዋል፣ አላርሙ ምንም አላጠፋም። ረዳት ጥሩና እሱ ሲያስነሳ እናንተ ሜትሩን እዩ፣ በቃ።

ከሜትር ይልቅ የአምፖል ቴስተር መጠቀም ሌላው ነው። ያ ካቻቢቴ መሳዩ፣ ጫፉ ሹል፣ ውስጡ አምፖል ያለው። ለድሮ መኪና ለመብራትና ለፊውዝ አሪፍ ነው ግን አምፖሉ ራሱ ከረንት ይስባል፣ ኮምፒውተር ላይ ሚሄድ ቀጭን ሽቦ ላይ ካስነካችሁት ኮምፒውተሩን ልትጎዱ ትችላላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ቢጫ! ከመሪው ስር ቢጫ ሶኬት ወይ ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ የኤርባግ ነው። በሜትርም አትለኩት፣ አትቀጥሉበት፣ አጠገቡም ሽቦ አትሰሩ። ኤርባግ ፊታችሁ ላይ ሲፈነዳ ቀልድ የለውም።

ሌላው ባትሪ ሳይነቅሉ መቁረጥ። ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ ባትሪ እንደተሰካ ሁሉንም ለክታችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ከዛ ኔጋቲቩን ትነቅላላችሁ፣ ከዛ ነው መቁረጥና መቀጠል። ከነቀላችሁ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፣ ቶዮታ ራሱ ለኤርባግ ሲባል ሚያዘው ነው። ሁለት ነገር እዚህ ላይ ሰው ይረሳል፣ አንደኛ ቴፑ ኮድ ሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ሳትይዙ ባትሪ እንዳትነቅሉ፣ ሁለተኛ ባትሪውን መልሳችሁ ስትሰኩ አዲሱ አላርም በራሱ በሮቹን ሊቆልፍ ስለሚችል ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ መስኮትም አንዱን ክፍት ተዉት። ቁልፍ ውስጥ ተቆልፎበት በካቦ በር ሚከፍት ሰው ፍለጋ መዞር ያሳፍራል።

አቀጣጠል ላይ ደሞ፣ ሽቦ ላጥ ላጥ፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ፣ ናስትሮ ጠቅለል፣ አለቀ። ይሄ የሀገራችን ስታንዳርድ ነው ማለት ይቻላል። ግን መኪና ጸሐይ ላይ ውሎ ዳሽቦርዱ ስር ሲግል የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ ናስትሮው ይንሸራተታል፣ ሽቦው ይራቆታል፣ መኪናው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ነው ሚውለው። ከስድስት ወር በኋላ "አንዳንዴ ሚሰራ አንዳንዴ ማይሰራ" አላርም አላችሁ ማለት ነው፣ እንዲህ አይነት ብልሽት ደግሞ ለማንም ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ፈተና ነው። በካውያና በሊድ በይዱት፣ ጫፍ ለጫፍ ምትቀጥሉት ሽቦ ከሆነ ከመበየዳችሁ በፊት ሙቀት ሲያገኝ ሚሸበሸበውን ቱቦ ሽቦው ላይ አስገቡና በኋላ በላይተር አሙቁት። የመኪናውን ዋና ሽቦ ሙሉ በሙሉ መቁረጥም የለባችሁም፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ላስቲኩን ላጡና የአላርሙን ሽቦ በመሃሉ አሳልፋችሁ ጠቅልላችሁ በይዱ፣ ባልተቆረጠ ሽቦ ላይ ቱቦው ስለማይገባ እዚህ ሙቀት ሚችል ናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉበት። እነዛ በፒንሳ ጠቅ ተደርገው ሚገጠሙ ፕላስቲክ መቀጠያዎች ፈጣን ናቸው ግን ውስጣቸው ያለው ምላጭ የሽቦውን ክር ይቆርጣል፣ እኔ አልወዳቸውም።

ማሳ፦ የአላርሙ ጥቁር ሽቦ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ወይ ፕላስቲክ ሚይዝ ብሎን ላይ ከታሰረ ማሳ አላገኘም። ቀለሙን ፋቁ፣ በቀለበት ጫፍ በብሎን እሰሩት፣ በሜትር አረጋግጡ።

ፊውዝ ደግሞ ቀጥታ ከባትሪ ለሚመጣው ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ነው ሚገባው፣ ከአላርሙ ሳጥን አጠገብ አይደለም። ሽቦው መሃል ላይ ቢላጥና ብረት ቢነካ ከፊውዙ በፊት ያለውን ክፍል ማን ይጠብቀዋል? ከኮፈን ወደ ውስጥ ስታሳልፉም የፋብሪካው ጎማ ባለበት ቀዳዳ አሳልፉ፣ ባዶ ብረት ቀዳዳ ከሆነ ስለቱ ቀስ እያለ ሽቦውን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሞተር ማቆሚያው። ብዙዎቹ ርካሽ አላርሞች ካርቶናቸው ላይ "ሞተር በሪሞት ያጠፋል" ይላሉ፣ ሰውም ይሄን ነው ወዶ ሚገዛው፣ ከዛ ሪሌውን፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር ሚከፍትና ሚዘጋውን ስዊች፣ የነዳጅ ፓምፑ ሽቦ ላይ ወይ ኢግኒሽኑ ላይ ይገጥመዋል። አስቡት፣ ቀለበት መንገድ ላይ በ80 እየሄዳችሁ ነው፣ ኪሳችሁ ያለው ሪሞት በቁልፍ ተጭኖ ወይ ሪሌው እግሩ ላልቶ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል ምክንያቱም ሚያግዘው ቫኩዩም ከሞተሩ ነው ሚመጣው፣ መሪውም በብዙ መኪና ይከብዳል፣ ከኋላችሁ ደግሞ ሲኖትራክ አለ። ሌባ ለማቆም ብላችሁ ራሳችሁን እንዳታቆሙ። ሪሌውን የሞተሪኖው ሽቦ ላይ አድርጉት፣ ያ ሽቦ ሚሰራው ስታስነሱ ብቻ ስለሆነ በጉዞ መሃል ቢቆረጥ ምንም አይመጣም። አዎ ድክመት አለው፣ ማንዋል መኪና በግፊ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ሌሊት ላይ መኪና ሚገፋ ሌባ ቢያንስ ዘበኛ ያየዋል።

የሪሌውን እግሮች ቁጥር ስሩ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ። የሞተሪኖውን ሽቦ ትቆርጡና (እዚህ ብቻ ነው መቁረጥ ያለው) አንዱን ጫፍ 30 ላይ ሌላውን 87ኤ ላይ ታደርጋላችሁ። ሪሌው ካልታዘዘ 30ና 87ኤ የተገናኙ ናቸው፣ ስለዚህ አላርሙ አንድ ቀን ቢሞት መኪናው ይነሳላችኋል። 87 ላይ ያደረገ ሰው አላርሙ በተበላሸ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል። 85ና 86 የሪሌው መጠምጠሚያ ናቸው፣ አንዱ ኢግኒሽን ሌላው ከአላርሙ ሚመጣው ትዕዛዝ። ሽቦው ደግሞ ከመኪናው ኦሪጅናል ሽቦ ሚቀጥን ከሆነ አትጠቀሙት፣ ይግላል።

ከዚ ጋር ሚሄድ ስህተት የአላርሙን ቀጫጭን ትዕዛዝ ሽቦዎች ቀጥታ ስራ ማሰራት ነው። ከሳጥኑ ሚወጡት አብዛኞቹ ኔጋቲቭ ትዕዛዞች ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ አምፔር አካባቢ ብቻ ነው ሚችሉት፣ አንድ ሪሌ ለመቀስቀስ በቂ ነው፣ የመኪናው ክላክስ ግን ብዙ አምፔር ይፈልጋል። ቀጥታ ካገናኛችሁት ሳጥኑ ይቃጠላል፣ ሽታውን ታውቁታላችሁ። በሪሌ ነው።

የፍሬቻ ሽቦዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ፣ "ለምን ሁለት አለፋለሁ" ብላችሁ አንድ ላይ ካሰራችኋቸው ቀኝ ፍሬቻ ስታበሩ ሁለቱም ይበራሉ፣ ትራፊክ ፖሊስ ጋር ደግሞ ማስረዳቱ የእናንተ ነው። የበር ሽቦም ላይ እንዲሁ፣ ቶዮታ ላይ በር ሲከፈት የበሩ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ነው ሚሰጠው፣ ሌላ መኪና ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አላርሙ ለሁለቱም የተለያየ ሽቦ አለው፣ በሩን ከፍታችሁ ዘግታችሁ ለኩና ምረጡ። አራቱንም በር ሞክሩ፣ የሹፌሩ ብቻ ሰርቶላችሁ ጨረስኩ እንዳትሉ።

ሳይረኑን ኮፈን ውስጥ ከጭስ ማውጫው አርቁት፣ አፉ ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ላይ ካፈጠጠ ክረምት ላይ ውሃ ይጠራቀምበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሚባል ነገር የለም።

ሾክ ሴንሰሩ ላይ፣ መኪናው ሲመታ ሚሰማው ማለቴ ነው፣ ግን አለ። አብዛኛው ሰው አክርሮ ይሞላዋል፣ "ትንሽ ሲነኩት ይጩህ" ብሎ። ውጤቱ ዝናብ ሲጥል፣ ነጎድጓድ ሲመጣ፣ ድመት ኮፈን ላይ ስትተኛ፣ ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ ይጮሃል፣ በሶስተኛው ቀን የሰፈሩ ሰው "ያ መኪና ነው" ብሎ ይተኛል፣ እውነተኛ ሌባ ሲመጣም ማንም አይነሳም። እኛ ጋር ዋናው ስጋት ስፖኪዮ ነው፣ ስፖኪዮ ሚነቅል ሰው በር አይከፍትም፣ ስለዚህ ሴንሰሩ ትርጉም ሚኖረው በልኩ ሲስተካከል ነው። ብረት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት እንጂ በሽቦ ላይ አታንጠልጥሉት፣ ከዝቅተኛው ጀምሩና በጡጫ ስር የበሩን ምሰሶ፣ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን መታ መታ እያደረጋችሁ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

ፓነሎቹን ከመግጠማችሁ በፊት ባትሪው ምን ያህል እንደሚበላ ለኩ፣ ይሄን ማንም አያደርገውም። ቀዩን የሜትር ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ፣ መምረጫውንም ወደ ዲሲ 10 አምፔር አዙሩ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉና ሜትሩን በመሃል አስገቡ፣ በሮቹን ዝጉ፣ አላርሙን ቆልፉ፣ ሩብ ሰዓት ምናምን ጠብቁ። እንዲህ ባለበት ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ ሜትሩ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ሰላም ነው። 200 ካሳየ ግን በቀን ወደ 4.8 አምፔር ሰዓት እየሄደ ነው፣ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው፣ ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ስትመለሱ መኪናው አይነሳም። ስትጨርሱ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱት፣ እዛው ረስታችሁት ቮልት ብትለኩ ሾርት ነው።

ሽቦውን ሰብስባችሁ ስታስሩም ከመሪው ዘንግና ከፍሬን ፔዳል አርቁት፣ ተንጠልጥሎ እግር ስር ሚገባ ሽቦ አደጋ ነው። የአላርሙ አንቴና ሽቦ ግን ብቻውን ይሁን፣ አትቁረጡት፣ አትጠቅልሉት፣ ካለበለዚያ ሪሞቱ መኪናው አጠገብ ካልቆማችሁ አይሰራም።

አዳዲሶቹ ላይ፣ በተለይ በእኛ አቆጣጠር 2016 ላይ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ በኋላ የመጡት ኤሌክትሪኮች ላይ፣ ሐሳቤ አጭር ነው፣ አትንኩ። በር መከፈቱ ራሱ በዳታ ነው ሚተላለፈው፣ እንደድሮው የምትለኩት ሽቦ የለም፣ ብርቱካናማ ካቦ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው ሰው ይገድላል፣ ዋስትናውም ይበላሻል። እሱን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

በመጨረሻ አላርሙን ለጊዜው ሚያጠፋውን ትንሽ ስዊች፣ ቫሌት ሚሉትን፣ ሌባ ማያገኝበት እናንተ ግን በጨለማ በእጃችሁ ምታገኙበት ቦታ ደብቁት። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ ሲሞት ሚያድናችሁ እሱ ነው። ላቫጆ ስትሰጡም በሱ አጥፍታችሁ ስጡ፣ አለዛ ልጁ በውሃ ግፊት በሩን ሲመታው መኪናው እስኪታጠብ ድረስ ሲጮህ ይውላል።