ከቢን ካርዱ ቀና በሉ

ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት ስቶር ላይ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። መቁጠር፣ የመድኃኒቱን ገቢና ወጪ ቢን ካርዱ ላይ መመዝገብ፣ በየሁለት ወሩ ሪፖርት መላክ እናውቅበታለን። ቆም ብሎ «ይሄ ሁሉ ቁጥር ተደምሮ ምን እያለኝ ነው?» ማለት ግን የኃላፊዎች ሥራ ይመስለናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩ ቀድሞ የሚታየው እኛ ጋ ነው።

ይሄን የተማርኩት በወባ መድኃኒቱ፣ በኳርተም ነው። ሐምሌና ነሐሴ 200 ዶዝ ወጣ። ስሌቱን ታውቁታላችሁ፤ የሁለት ወሩ ፍጆታ በ2 ይባዛል፣ በእጅ ያለው ይቀነሳል። 150 ነበረኝ፣ 250 ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ። ስሌቱ ልክ ነበር። ግን እኛ አገር ወባ ባለበት አካባቢ በሽታው በዋናነት የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች መስኮቱ ጋ ቆማ «ነገ ልምጣ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የዓመቱን ካርድ በሙሉ አውጡና የየወሩን ወጪ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሩት፣ ከዚያ በእርሳስ መስመር ሳሉበት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ካርዱ ላይ በየቀኑ ስታዩት ያልታያችሁ ዳገትና ቁልቁለት ያኔ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። መስከረምን ከነሐሴ ጋር ሳይሆን ካምናው መስከረም ጋር አስተያዩ።

ዜሮን አትመኑ። መድኃኒቱ ያልወጣው በሽተኛ ጠፍቶ ነው ወይስ መድኃኒቱ አልቆ? ከ60 ቀን ውስጥ 20ውን ባዶ ከነበራችሁና በቀሩት 40 ቀናት 120 ዶዝ ከወጣ፣ በቀን 3 ማለት ነው፤ የሁለት ወሩ እውነተኛ ፍላጎት 180 ነው። 120 ብላችሁ ከላካችሁ እጥረቱን ራሳችሁ ለሚቀጥለው ዙር አስተላለፋችሁት።

አሁን ኳርተምን እርሱትና ሐሳቡን ብቻ ያዙ፦ ወቅት ያለውን ነገር ባለፈው ሁለት ወር መለካት ያሳስታል። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ)፣ የልጆች የሳንባ ምች መድኃኒት፣ ሁሉንም በዚህ ዓይን እዩት። ደግሞ ገልብጡት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ብዙ ስለወጣ በዚያው ልክ ብታዝዙ፣ ጥር ላይ ፈላጊው ይቀንስና መድኃኒቱ ተከምሮ ጊዜው ያልፍበታል። እጥረቱና ብልሽቱ ለየብቻ ችግር ይመስሉኝ ነበር። ምንጫቸው አንድ ነው!

ሐሳቡ ግን ሐሳብ ሆኖ እንዳይቀር መልሳችሁ መሬት አውርዱት። ላብራቶሪ ጎራ በሉና በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ወባ እንደተገኘበት ጠይቁ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንም ቀበሌው እንዴት እንደከረመ ጠይቋት። ስብሰባ ላይ «ወባ ሊጨምር ነው» ብቻ አትበሉ፣ ማንም ይለዋል። በእርሳስ የሳላችሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። ጭማሪ ስትጠይቁም ምክንያቱን ጽፋችሁ ከነሐሴው ሪፖርት ጋር አብራችሁ ላኩ።