ከሸክላ ወደ ሲዲ ስትዞሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬ ላይ ሠርግ የምታጫውቱ ልጆች ሲዲ ማጫወቻ ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ማሽኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የገመድ ወይም ሸክላ የለመደ እጅ ነው።

ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቤዙ ያብጣል

ገመዱ ሚክሰሩ ላይ የሸክላው ቦታ፣ ፎኖ ላይ ተሰክቷል። ፎኖ ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ በጣም ያጎላል፣ ሸክላው ሲቀረፅ የተቀነሰውን ቤዝም ይመልሳል። ሲዲ ይህ አያስፈልገውም። ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉና ገመዱን ለሲዲ ወደሚሆነው መሰኪያ፣ ወደ ላይን ቀይሩት። ሸክላ ላይን ላይ ከገባ ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ ከሩቅ ይሰማል።

ጆጉን (በእጅ የሚዞረውን ክብ) ስነካው ዘፈኑ አይቆምም

እንደ ፓዮኒር ሲዲጄ-1000 ባሉት ላይ የቫይኒል ቁልፍ ጠፍቷል ማለት ነው። አብሩት። ከዚያ በኋላ ከላይ ስትጫኑት ይቆማል፣ ጠርዙን ስታዞሩት ለጊዜው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል።

ሁለቱ ዘፈኖች ገጥመው ቆይተው ይለያያሉ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። የሸክላ ማጫወቻው ቴክኒክስ 1200 ኤምኬ2 ላይ ፒቹ (የፍጥነት ማስተካከያው) እስከ 8 በመቶ ነው የሚሄደው። ሲዲጄ ላይ 6፣ 10፣ 16 እያላችሁ ትመርጣላችሁ። አንዱ 6፣ ሌላው 16 ላይ ከሆነ እጃችሁ የለመደው ርቀት አይሠራም። ሁለቱንም አንድ አድርጉ። ለረቂቅ ማስተካከያ 6 ይሻላል።

ሌላው ዘፈኑ ራሱ ነው። የድሮ ዘፈኖቻችን ከበሮ በሰው እጅ የተመታ ነው፤ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ፒቹን አንዴ አስተካክሎ መተው አያዋጣም፤ በጠርዙ እየተከታተላችሁ አግዙት፣ ማደባለቁንም አሳጥሩት። ድሬ ውስጥ አንድ ሠርግ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ ይሻገራል፤ ምቱም አብሮ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን በግድ ከማገጣጠም ቆርጦ መግባት ይሻላል። የቢት ቆጣሪው ቁጥርም በጭክጭካ ይሳሳታል። አቦ፣ ጆሯችሁን እመኑ!

ስታፈጥኑት ዘፋኙ ሕፃን ይመስላል

ፍጥነቱ ሲቀየር ድምፁ እንዳይቀጥን የሚይዘውን ማስተር ቴምፖን አብሩ። ፒቹ ብዙ ሲርቅ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ሲዲው አይነበብም ወይም ይዘላል

ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ፋይናላይዝ አልተደረገ (አልተዘጋ) ይሆናል። ኤምፒ3 ከሆነም የመጀመሪያው ሲዲጄ-1000 አያጫውተውም፤ እንደ ኦዲዮ ሲዲ ጻፉት። አቧራ ካለበት ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ በክብ አታሹት። ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ የድሬ ሙቀት ያጣምመዋል። ሌሎች ሲዲዎች ሁሉ የሚዘሉ ከሆነ የሌዘሩን ሌንስ አስጠርጉ።